የብርቄን ጉዳይ ይዤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ

ከቤቴ ውጭ ያደርኩት ሦስት ሌሊት ብቻ ነው። ሦስት ሌሊት ደግሞ ምን ጉዞ ይባላል የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ከቡታጅራ የወጣሁባቸውን ቀኖች በጣቴ ቆጥሬ የምጨርስ ሰው ነኝ፤ አዲስ አበባን እንኳ የማውቃት ሐኪም ቤት ሄጄ ነው፣ እሱም ከመኪና ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ መኪና። ስለዚህ ያየሁትን ለማኅበራችን ሴቶችና እግራቸው ወደዚያ ለማይደርስ ጎረቤቶቼ ብዬ ጻፍኩት። አዲስ አበባ ሰፌድ ብትሆን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ጠርዟ ላይ የተሰፉ ናቸው በሉ።

የሄድኩት ለሥራ ነው። እኛ አሥራ አንድ ሴቶች ነን፤ ጠዋት ጠዋት ወተታችንን ሰብስበን ለሻይ ቤቶችና ለሆቴሎች እናቀርባለን፤ ከተማው የሰጠን አንዲት የቆርቆሮ ሼድ አለችን። ከሴቶች ጉዳይ የምትመጣው ባለሙያ፣ ደግ ልጅ ናት፣ ሃያ አንድ ጥያቄ በኮምፒውተር አስጽፋ ሰጠችኝ። በሦስቱ ከተሞች ያሉ ሴቶች ተደራጅተው እንዴት እንደሚሠሩ ጠይቄ መልሱን ጽፌ እንድመጣ ነው። ጥናት ነው አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል የቀረሁ፣ ሌላውን ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣና ከወንድሜ መጻሕፍት የለቃቀምኩ ሰው፣ አጥኚ ስባል ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ግን ከሃያ አንዱ ጥያቄ ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነበር።

ብርቄ የምትባል አባላችን አለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንዲት ላም ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ቤቷ ከሼዳችን ጀርባ ስለሆነ ወተቷን ይዛ ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ከጥቂት ወራት በፊት ላክቶሜትር የሚባል መለኪያ ተሰጠን። የመስታወት ዘንግ ነው፤ ወተት ውስጥ ሲገባ፣ ወተቱ ደህና ከሆነ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ውሃ ከተጨመረበት ይሰምጣል። ታደለች ቁጥር ማንበብ አያቅታትም ተብሎ የምለካው እኔ ሆንኩ። የአሥራችን ወተት ዘንጉን ሲያንሳፍፈው የብርቄ ወተት ያሰምጠዋል። አንድ ቀን ቢሆን እሺ፤ ሁልጊዜ ነው። በማርያም ማለች። መጥታችሁ ሳልብ እዩኝ አለች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ባየንሽ ቀንማ መቼ ትጨምሪያለሽ» ያልኳት እኔ ነኝ። ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እሑድ ስብሰባ ተጠርቶ ከማኅበሩ እንድትወጣ ሊወሰን ነው። ከእኛ ከወጣች ደግሞ ወተቷን የሚቀበላት የለም፤ ወሬው ከተማውን አዳርሶታል። እኔም እስከዚያ የሌላ ከተማ ሴቶች እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ጠይቄ እንድመለስ ተባለ። ሃያ ሁለተኛ ጥያቄ ሆነችብኝ።

ማክሰኞ

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ። ሰበታ ለምታሳድረኝ ሴት ብዬ ቆጮ በኮባ ጠቅልዬ፣ በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ ይዣለሁ። ቆጮ እኛ ዘንድ ሽታ የለውም፤ ያለው የቤት ጠረን ነው። ሚኒባስ ውስጥ ግን አንዲት ሽቶ የተቀባች ልጅ አፍንጫዋን በሻሿ ያዘችና መስኮት ይከፈት አለች። ረዳቱ አንድ ቃል ሳይናገር ከረጢቴን አንስቶ ጣራው ላይ ጫነው።

ቡኢን አለፍን፣ ጥያን አለፍን። ጥያ ላይ የቆሙትን ድንጋዮች ለማየት ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል ይባላል። እኔ በዚያ ስናልፍ አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ አስፋልቱን ነበር የማየው፣ ቆጮዬ ወድቆ ይሆን ብዬ። አዋሽን ከተሻገርን በኋላ አገሩ ሜዳ ሆነ። ጤፍ ነው፣ ጤፍ ነው፣ እንደገና ጤፍ ነው። ቤቶቹ ጓሯቸው እንሰት ስለሌለው ጀርባቸው የተራቆተ መሰለኝ። እኛ አገር ቤት ሲታይ መጀመሪያ የሚታየው እንሰቱ ነው፣ ቤቱ ከኋላው ነው የሚፈለገው።

ዓለም ገና ስንደርስ ጩኸቱ ለብቻው ያደክማል። ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ የጭነት መኪናው፣ ሁሉም የመጨረሻ ቀኑ ይመስል ይቸኩላል። ረዳቱ ከረጢት ወርውሮልኝ ተቀብዬ ባጃጅ ያዝኩ። ቡታጅራ ቢሆን ወደ እገሊት ቤት ካልኩት ባለ ባጃጁ አጥሩ ድረስ ያደርሰኛል፣ እግረ መንገዱንም እገሊት አሟት እንደሰነበተች ይነግረኛል። እዚህ ወደ ወይዘሮ የሺ ቤት ብለው ልጁ በመስታወቱ አየኝና፣ እናቴ፣ ሰበታ ውስጥ ስንት የሺ እንዳለ ያውቃሉ ወይ አለኝ። ሁለት ጊዜ ዞረን፣ ሦስት ጊዜ ደውለን አገኘናት።

የሺ የማኅበራችን ጸሐፊ የእመቤት የአክስት ልጅ ናት። ቆጮ አመጣሁልሽ ብዬ በኩራት ከረጢቱን ስፈታው ቀይ ሽንኩርት ነው። የሰው ሽንኩርት። የኔ ቆጮ ከማን ቤት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሺ መሳቅ ጀመረች፤ ስታበቃ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር። ባለቤቱ የት ይገኛል ብላ ከዚያው ላይ ሦስት ራስ ከትፋ እንቁላል ጠበሰችልኝ፣ እኔም በላሁ። የሰው ሽንኩርት እየበላሁ ወተት ስለምታጭበረብር ሴት መጠየቅ እንዴት እንደሚያሳፍር ሞክራችሁት አታውቁም።

እነየሺ ከልብስ ፋብሪካ የሚወጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገዙ ትራስና የልጅ ፍራሽ ይሞላሉ። ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ በቀለም ለይተው፣ በእጅ ፈልቅቀው፣ ቁልፍና መርፌ አለመቅረቱን ደባብሰው ነው የሚሞሉት። ጥያቄ ቁጥር አንድ አባላት ስንት ናችሁ ይላል። ሦስት አለችኝ። በግድግዳው ላይ ግን ዘጠኝ ሽርጥ ተሰቅሏል። የስድስቱ ባለቤቶች የት እንደሄዱ ጠየቅኋት።

አንድ ጥቅል ደህና ጨርቅ ጠፍቶባቸው ነበር። አንዷን ጠረጠሩ፣ ተናገሯት፣ አልቅሳ ወጣች። ሁለት ጓደኞቿ ተከትለዋት ወጡ። የቀሩት እርስ በርስ ሲተያዩ ሦስት ደግሞ ወጡ። ጨርቁ ተገኘ ወይ አልኳት። የሺ እጇ ላይ ያለውን ትራስ መታ መታ አድርጋ ቅርጽ አስያዘችና፣

«አልተገኘም። ትውሰደው አትውሰደው አሁንም አላውቅም። ሠርግ ቤት ስንገናኝ እሷ አንገቷን ትደፋለች፣ እኔም እደፋለሁ። ማናችን ማፈር እንዳለብን እንኳ አልለየም፣ ታደለች» አለችኝ።

ይህን የትኛው ጥያቄ ሥር እንደምጽፈው ጠፋኝ። ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት።

ረቡዕ

ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ። በየመኪናው ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ ሲጮህ ስሙ ስለማይሰማኝ ሁሉንም ሰው እየጠየቅሁ ነው የሄድኩት፤ ደግነቱ የጠየቅሁት ሁሉ መልሷል። አንዲት ነርስ የሚመስል ልብስ የለበሰች ልጅ ከራሷ መንገድ ወርዳ አስኮ መኪና ላይ አሳፍራኝ ሄደች። ከተማው ክፉ ነው የሚሉን ሰዎች ይህችን ልጅ አላገኟትም።

ቡራዩ ስደርስ ዝናቡ ቀድሞኝ ገብቷል። ጭቃውን ልግለጽላችሁ። የኛ ጭቃ ቀይ ነው፣ ሲደርቅ ይራገፋል። የቡራዩ ጭቃ ጥቁር ነው፣ ይዞ አይለቅም። ከመውረጃው ሃያ እርምጃ ሳልሄድ የግራ ጫማዬ ሶል እዚያው ቀረ፤ የላይኛው ቆዳ ብቻ እግሬ ላይ አለ። ሊቀበሉኝ የመጡት የማድርበት ቤት አባወራ ኦቦ ለማ፣ ኦቦ እኛ አቶ የምንለው ነው፣ በዚህ ሁኔታ ነው ያገኙኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር። ጎንበስ ብለው ሶሉን ከጭቃው መንጭቀው አወጡና፣ ይህን እንኳ አንቀብረውም አሉ። ባለቤታቸው ገነት የራሷን ቦቲ ጫማ ሰጠችኝ። ሁለት ቁጥር ይሰፋኛል፤ ግን ቀኑን ሙሉ ከእግሬ አላወለቅሁትም።

ገነትና አምስት ጓደኞቿ ለሕንፃ ሠራተኞች ምሳ ያበስላሉ። ረቡዕ ስለነበር ሽሮ፣ ጎመንና ምስር ነበር የተሠራው። በትልልቅ ባልዲ ሞልተው፣ በፕላስቲክ ሸፍነው፣ አናታቸው ላይ አድርገው በዚያ ጭቃ ላይ ይሄዳሉ። እኔም ቦቲዬን እየጎተትኩ እንጀራ ተሸክሜ ተከተልኳቸው። አንዲት ልጅ እግር ልጅ አጥኚዋም ተሸካሚ ሆነች ብላ አሳቀችብኝ። የኛ ከተማ ሠራተኛ ምሳውን ቤቱ ሄዶ ይበላል፤ እዚህ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ቤት ያለው ካለ። ገነት ስትደርስ ከላይ ፎቅ ጀምሮ እናታችን መጣች እያሉ ሲወርዱ ማየት ደስ ይላል።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቴን አወጣሁ። ተግዳሮቶቻችሁ ምንድን ናቸው ብዬ አነበብኩላት። ገነት ተግዳሮት ምንድን ነው አለችኝ። ችግር ማለት ነው አልኳት። ታዲያ ችግር ብለሽ አትጠይቂም አለች፤ ከዚያ ጀምሮ በራሴ አፍ ነው የጠየቅሁት። የብርቄንም ነገር አነሳሁ። ገነት ድስት እያጠበች ስታስብበት ኦቦ ለማ ከውጭ ሰምተው ኖሮ ብቅ አሉ።

«ቤቷ ሄዳችኋል?» አሉኝ።

አልሄድንም አልኳቸው። መለኪያው እኮ ይናገራል ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ኦቦ ለማ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልተከራከሩኝም፤ ተመልሰው ጫማዬን መስፋት ቀጠሉ።

አመሻሽ ላይ እመቤት ደወለች። የከተማው ኃላፊ እሑድ ስለማይገኙ ስብሰባው ወደ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተዛውሯል። እኔ እስክመለስ ይቆይ አልኳት። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፣ የአንቺን ድምፅ በስልክ ተስማምታለች ብለን እንይዘዋለን አለችኝ። ምን አልኩ? እሺ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ያቺን እሺ ከአፌ ልመልሳት አልቻልኩም።

ሐሙስ

ጠዋት ኦቦ ለማ የሰፉትን ጫማ ተጫምቼ፣ ገነት የጠቀለለችልኝን ጨጨብሳ በላስቲክ ይዤ ወጣሁ። ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታን መኪና ስይዝ መኪናው እንጦጦን እያቃሰተ ወጣ፣ በወዲያኛው በኩል ሲወርድ ደግሞ ሌላ አገር ሆነ። ሜዳው ሰፊ፣ አየሩ ስለታም። በየደጁ የድርቆሽ ክምር አለ፤ ክምሩ ከቤቱ ይበልጣል። ሩጫ የሚለማመዱ ቀጫጭን ልጆች በብርዱ በቁምጣ ያልፋሉ። እኔ ሁለት ነጠላ ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ቡታጅራ ላይ ብርድ የምንለው ነገር እዚህ ቢመጣ በጋ ነው የሚሉት።

ያረፍኩት አዴ ጫልቱ ቤት ነው። አዴ ማለት እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። አከም ጅርቱ ብዬ በተማርኳት አንዲት ቃል ሰላም አልኳቸው። በረጅሙ መለሱልኝ፤ መልሱ ስላልገባኝ ዝም ብዬ ፈገግ አልኩ፣ ከዚያ በጠራ አማርኛ እስኪ ግቢ፣ እግርሽ በረዶ ሆኗል ብለው ወደ እሳቱ አስጠጉኝ። የልጃቸው ሚስት ሌንሳ ገንፎ በቅቤ አቀረበችልኝ። ነገ ዓርብ ነው፣ ዛሬ ጥገቢ ነው ያሉኝ። የኛን ክትፎ የሚያስንቅ ነገር አለ ብዬ አምኜ አላውቅም፤ አሁንም አላምንም፣ ግን ያን ገንፎ የበላሁ ቀን ትንሽ ተጠራጠርኩ።

በዚያ ቀን ከሰዓት ጎረቤት ሴቶች በየተራ ወተት ይዘው መጡ። ዊጆ ይሉታል። እያንዳንዷ ላም አንድ ወይም ሁለት ነው ያላት፤ የአንድ ቤት ወተት ለብቻው ቢናጥ የረባ ቅቤ አይወጣውም። ስለዚህ የሁሉም ወተት በየተራ ለአንዷ ይሰጣል፤ ባለ ተራዋ አጠራቅማ ትንጣለች፣ በሌላው ጊዜ ለሌላዋ ይሆናል። ዕቁብ ነው፣ ግን በወተት። ዊጆው ስንት ዘመኑ ነው ብዬ አዴ ጫልቱን ጠየቅኋቸው። እሳቸው ሙሽራ ሆነው ሲመጡ አማታቸው ያስገቧቸው እዚያው ዊጆ ውስጥ ነው። ሼድ የላቸውም፣ ወረቀት የላቸውም፣ ማኅተም የላቸውም።

ውሃ የጨመረች ሴት ምን ትደረጋለች አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም አላሉኝም፤ ያ ቢሆን አላምናቸውም ነበር። የዊጆው ሴቶች የአንዷ ወተት ሲሳሳ ሄደው ይጠይቋታል፤ ላሟ አሟት ይሆናል፣ ልጇ ተርቦ ጠጥቶት ይሆናል፣ ባሏ ሸጦት ይሆናል። መጀመሪያ የሚኬደው ቤቷ ነው። አሁንም ቤቷ። የዚህ አገር ሰው ተማክሮ የመጣብኝ መሰለኝ። በዊጆው መለኪያ የለም፤ ለከተማ በሚሸጡት ወተት ግን ሌንሳ እንደኔ ለኪ ናት፣ ላክቶሜትርም አላት። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ነገ ጠዋት እኔ እለካላችኋለሁ አልኳት። የማውቀው ነገር አገኘሁ ብዬ ነው።

በሦስት ጋቢ ተሸፍኜ አደርኩ። የዓርብ ሦስት ሰዓት ግን ጋቢ ሥር ሳይቀር ተከተለኝ።

ዓርብ

ገና ሲነጋጋ ላም ቤት ገባን። አዴ ጫልቱ ራሳቸው አለቡ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነው። ጡቷን አጥበው፣ አድርቀው፣ ጥጃውን አጥብተው፣ ባዶ ጣሳ ይዘው ሲጀምሩ አየሁ፤ አረፋው ሲሞላ አየሁ። ሌንሳ መለኪያውን ሰጠችኝ። እኔም እንደ ባለሙያ ወተቱን ወደ ረጅሙ ብርጭቆ ገለበጥኩ፣ ዘንጉን ቀስ አድርጌ ለቀቅሁት።

ሰመጠ።

እንደ ብርቄ ወተት፣ እዚያው መስመር ላይ። ጣቴን አስጠግቼ እንደገና አነበብኩ። ዓርብ ስለሆነ ልቅመሰው ማለት እንኳ አልችልም። አፌ ግን ለምዶት ኖሮ ሳላስበው፣

«ውሃ ገብቶበታል» አልኩ።

የሴትየዋ ቤት ነው፣ ገንፎዋን በልቼ ጋቢዋን ለብሼ ያደርኩበት። አዴ ጫልቱ ዱካቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩኝ።

«ቆመሽ እያየሽ ነው የታለበው» አሉኝ። «በምን በኩል ገባ? እስኪ ላሟን ጠይቂያት።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሌንሳ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ግድግዳውን ተደገፈች።

«ትኩስ ነው እኮ፣ እትዬ» አለችኝ። «ትኩስ ወተት ያሰምጠዋል። ከበረደ በኋላ ነው የሚለካው።»

ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት መሳቋን አቆመችና ምን ሆነሻል አለችኝ። ከላሟ እንደወጣ ወተት ቀጭን ነው፣ አረፋም አለው፣ ዘንጉን አይሸከመውም፤ ሲበርድ ይወፍራል። ይህን ያስተማራት ሰው ነበረ። እኛን ያሠለጠነን ሰው ደግሞ ከሆቴል ማቀዝቀዣ የወጣ ወተት ይዞ መጥቶ ነው ያሳየን፤ ነገሩን ሳያነሳው ሄደ፣ እኛም ሳንጠይቀው ቀረን።

ጣሳውን ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ጣሳውን እያየሁ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። የኛ ሴቶች በሐሳቤ አንድ በአንድ መጡ። እመቤት ከላይ ሰፈር አንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ትመጣለች። ሌሎቹ የማታውን ወተት ከጠዋቱ ጋር ቀላቅለው ነው የሚያመጡት። የኔም ወተት ሌሊቱን ያደረ አለበት። ብርቄ ብቻ በጠዋት ታልባለች፣ አረፋው ሳይወርድ በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብለናለች። ለእኛ ብላ፣ ትኩሱን፣ ከሁሉ ቀድማ። እኔም ተቀብያት ወዲያው ዘንጉን እነክራለሁ።

ቁርሳቸውን እነሱ በሉ፣ እኔ እምቢ አለኝ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሌንሳ ጣሳውን አወጣች። እሷው ራሷ ለካችው። ዘንጉ ከፍ ብሎ ቆመ። ያው ወተት ነው፣ ያቺው ላም።

ስልኬን አወጣሁ፤ መስመር የለም። ቤቱ ረባዳው በኩል፣ ወንዙ አጠገብ ነው። ሌንሳ መስመር የሚገኘው ባሕር ዛፉ ጋ ነው ብላ ነጠላዋን አደግድጋ ከፊቴ ሮጠች። እኔም ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በኦቦ ለማ ስፌት፣ የሱሉልታን ዳገት ሮጥኩ። አየሩ ሳስቶ ሳንባዬ ተቃጠለ፤ የሚለማመዱት ልጆች አንዱ አይዞሽ እናቴ ብሎኝ አለፈ።

እመቤት ሁለተኛው ጥሪ ላይ አነሳች። ስብሰባው ተጀምሯል፣ በሹክሹክታ ነው የምታወራኝ። ድምፁን ለሁሉም ክፈቺው አልኳት። ከፈተችው። ያን ጊዜ የተናገርኩትን በትክክል አላስታውሰውም፤ ወተቱ ትኩስ ስለሆነ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ራሴ ለክቼ የሰመጠብኝ ዓይኔ እያየ የታለበ ወተት ነው፣ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜያለሁ። ከወዲያ ኃላፊው ሲያስሉ ብቻ ይሰማል። ብርቄን አቅርቡልኝ፣ እሷን ላናግር አልኩ።

እመቤት ግን፣

«ብርቄ አልመጣችም» አለችኝ። «ላሟን ይዛ ገበያ ወርዳለች። ልትሸጣት ነው።»

ባሕር ዛፉን ይዤ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በስልኩ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ ወንበር። የኃላፊው ድምፅ ቃለ ጉባኤው ገና ነው ይላል። የእመቤት ድምፅ ደግሞ ከሩቅ መጣ፣ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ ሳትዘጋው ነው የሄደችው፤ ኑ እንጂ፣ በከብት ተራው በኩል እንውረድ ትላለች። ሴቶቹ በሙሉ ስብሰባውን ጥለው ወጡ። እኔ ባዶ ሼድ እያዳመጥኩ ቀረሁ።

አዴ ጫልቱን ስሰናበታቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ለሰማንያ ዓመት ስሜን ጠብቄ በአንድ ጠዋት ልታጠፊው ነበር ብለው ሳቁብኝና አንድ ማሰሮ ቅቤ አስያዙኝ። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ በሁለት መኪና ዓለም ገና። መንገዱን አላየሁትም። ስልኬን ነበር የማየው።

ዓለም ገና የቡታጅራ ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጬ እያለሁ ጠራ። እመቤት ናት፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ አይለይም። ብርቄን ከብት ተራ አግኝተዋታል። ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ላሟን አንድ ሰው አልገዛትም። ገዢ ሁሉ መጥቶ ያይና፣ ይህች ወተቷ ውሃ ነው የተባለችው አይደለችም ወይ ብሎ ይሄዳል። እኔ በስብሰባ የተናገርኩት ገበያ ድረስ ደርሶ ነበር። ብርቄም የትኩሱን ወተት ነገር ስትሰማ ምን አለች አልኳት። ስልኩን ለብርቄ ሰጠቻት።

«ታደለች» አለችኝ፤ ድምፅዋ ደክሟል፣ ግን የቁጣ አይደለም። «ስሜን አጥፍተሽ ላሜን አተረፍሽልኝ።»

ሌላ አልጨመረችም። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ረዳቱ ምን ደርሶብሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ኧረ ደህና ነኝ፣ እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም አልኩት። ቅቤዬን ጣራ ላይ ጫነው፤ ይሁን አልኩ።

ቅዳሜ

ከሁሉ ቀድሜ ሼድ ልድረስ ብዬ በጨለማ ተነሳሁ። ብርቄ ቀደመችኝ። እንደ ወትሮው ወተቷን በአጥሩ ቀዳዳ አላቀበለችኝም፤ በበሩ ዞራ ገባች። ሳፋ ይዛለች፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ። እመቤት ነግራት ኖሯል። ጣሳዋን ሳፋው ውስጥ አስቀመጠች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ይቅርታ የምልበትን ንግግር መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጀው መጥቻለሁ፤ ከዓለም ገና እስከ ቡታጅራ ቃል እየቀየርኩ። ስጀምረው እጇን አነሳችና በኋላ አለችኝ። ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ። ሌሎቹ እስኪመጡ ገና ነው። ሁለታችን ጣሳውን እናያለን።

ዓይኗን ከጣሳው ሳታነሳ፣

«ሱሉልታ ብርድ ነው ይላሉ» አለችኝ።

በጣም እንጂ አልኳት። ከዚያ ከመናኸሪያው ጀምሬ፣ ቆጮውን፣ የሰውን ሽንኩርት፣ የቡራዩን ጭቃ፣ የአዴ ጫልቱን ላም፣ አንድ በአንድ አጫወትኳት። ገንፎው ላይ ስደርስ ሳቀች። ይህን የጻፍኩትን ሁሉ መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት፣ ወተቷ እስኪበርድ።